በፈረሱ ሁለት ጆሮዎች መካከል

ከፈረስ ላይ በሄልሜት ካሜራ የተቀረጸ ምስል ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው የታችኛውን ጠርዝ ነው። እዚያ ሁለት ጆሮዎችና ከጋማው ጥቂት ጸጉር ከታዩኝ ቀራጩ ሥራውን እንደሚያውቅ እረዳለሁ። ጆሮ የሌለበት ቀረጻ ሜዳና ሰማይ ብቻ ነው፤ ከሚኒባስ መስኮት ይሁን ከፈረስ ጀርባ የተነሣ አይለይም። ጆሮዎቹ ሲኖሩ ግን የመንገዱን ወሬ የሚያወራው ፈረሱ ይሆናል። ውሻው ገና ከአጥሩ ሳይወጣ የግራው ጆሮ ወደዚያ ይዞራል። ጋላቢው ሲናገር አንደኛው ወደ ኋላ ይመለሳል። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ሁለቱም ወደ ፊት ይቀሰራሉ፤ ፈረሱ ሲቆጣ ደግሞ ወደ ማጅራቱ ልጥፍ ይላሉ። ይህን ሁሉ ለማግኘት ካሜራውን ጥቂት ወደ ታች ማዘንበል ይበቃል። ልኩ ግን ቤት ውስጥ መስተዋት ፊት አይገኝም። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ፣ እንደሚጋለበው ሁሉ አሻግሮ እያዩ፣ ሌላ ሰው ምስሉን በስልክ እየተከታተለ «ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ እዚያ ጋ ይበቃል» ሲል ብሎኑ ይጠብቃል።

ለእንዲህ ያለው ቀረጻ አዲስ አበባን የከበቧትን ከተሞች የሚያህል ቦታ አላውቅም። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ አለ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ዝናቡ ሲያባራ ሣሩ ለድርቆሽ የሚታጨድበት ሰፊ ሜዳ ነው። በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድብ፣ በሰበታና በዓለም ገና በኩል ደግሞ የወጨጫ ተራራና የመናገሻ ሱባ ደን አሉ። ዓለም ገና የጅማና የቡታጅራ መንገዶች የሚለያዩባት ስለሆነች ብዙ ሰው የሚያውቃት በመኪና ሲያልፍ ነው፤ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ፈረስ ዛሬም ሰው ያደርሳል፣ እህል ያደርሳል። ከተሞቹ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ሜዳውም በቆርቆሮ አጥርና በብሎኬት እየጠበበ ነው። አሁን በደንብ ይቀረጽ የምለው ለዚህ ነው። ግልቢያ ያልለመደ ሰው በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ፈረስም የብስክሌት መንገድም እዚያ ያገኛል።

ካሜራው ራሱ የሚደነቅ ሥራ ነው። ኒክ ውድማን የተባለው አሜሪካዊ ጎፕሮ የተባለውን የካሜራ ኩባንያ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲመሠርት የባሕር ማዕበል ላይ እየተንሸራተተ ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ ወጣት ነበር። መጀመሪያ የተጨነቀውም ካሜራውን እጅ ላይ ስለሚይዝለት ማሰሪያ ነው። በ2004 ለገበያ ያወጣው ካሜራ በፊልም ጥቅል የሚሠራ፣ አንጓ ላይ የሚታሰር ነበር። ነገሩ ከማሰሪያ መጀመሩን እወደዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው በሌንሱ ሳይሆን በማሰሪያው ነውና።

አሁን በመዳፍ በሚያዘው አካል ውስጥ ጋይሮስኮፕ የሚባል ትንሽ መለኪያ አለ። ካሜራው ወደየት አቅጣጫ ምን ያህል እንደዞረ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይመዘግባል። ካሜራው የሚያነሣው ምስል ለእኛ ከሚያሳየን ይሰፋል፤ ዳርዳሩን ለመጠባበቂያ ያስቀረዋል። ራስ ወደ አንድ ወገን ሲናጥ ከመጠባበቂያው ላይ በተቃራኒው ወገን ይጨምርና ምስሉን ባለበት ያቆየዋል። ጎፕሮ በ2018 እ.ኤ.አ. በሄሮ7 ብላክ ሃይፐርስሙዝ ያለውን ማረጋጊያ ሲያወጣ በሄልሜት የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ልዩነቱን በዓይኑ አየው። በ2022 የመጣው ሄሮ11 ብላክ ደግሞ ካሜራው ምንም ያህል ቢያዘነብል አድማሱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ቻለ። በማይታይ ቦታ እንዲህ የተጠነቀቁ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ማረጋጊያው ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያሳየውም የፈረሱ አረማመድ ነው። በእርምጃ ማንም ጥሩ ምስል ያነሣል። ፈተናው ሶምሶማ ላይ ነው። በሶምሶማ የፈረሱ እግሮች በሰያፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወርዳሉ፤ በሁለቱ ምት መካከል አራቱም ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት አለ፤ ጋላቢውም በየምቱ ይነጥራል። ጋይሮስኮፑ መዞርን ይለካል እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች መንጠርን አይለካም። ስለዚህ ሩቁ የእንጦጦ ጋራ ረግቶ ሳለ ቅርቡ ጋማ ይዘልላል። መድኃኒቱ ካሜራው ውስጥ የለም፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ውስጥ ነው። እርካቡ ላይ ክብደቱን ጥሎ ምቱን በጉልበቱ የሚውጥ ጋላቢ ራሱ አይነጥርም። ደንገላሳ ሲሆን ሦስት ምት ይመጣል፤ ያወዛውዛል እንጂ አያንገጫግጭም። በሽምጥም ጋላቢው ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ካለ ምስሉ ከሶምሶማው ይልቅ ይረጋል። እንግዲህ ጀማሪው «ቀስ ብዬ ብጀምር ይሻላል» ብሎ በሶምሶማ ሲቀርጽ የከበደውን መርጧል ማለት ነው። በእርምጃ ይለማመድ፤ ሲደፍር ሶምሶማውን አልፎ ወደ ደንገላሳ ይሂድ።

የድሮ ሰዎች ይህን ያለ ካሜራ ያውቁት ነበር። መኳንንቱና የቤተ ክህነት አባቶች ለረጅም መንገድ የሚመርጡት በቅሎ ነው፤ ፈረሱ ለጦርነትና ለጉግስ ኃይሉን ቆጥቦ እየተሳበ ይከተላል። ከበቅሎም ሰጋር ትመረጣለች። ሰጋር በቅሎ በአንድ ወገን ያሉትን የኋላና የፊት እግሮች አከታትላ ስለምታነሣ መሬት የነካ እግር አታጣም፤ ጀርባዋም አይነጥርም። ሰጋር በቅሎ ያገኘ ሰው ማረጋጊያውን አጥፍቶ አንድ ጊዜ ይቅረጽ። ጋማና አድማስ አብረው ሲሄዱ ያያል፤ አያቶቻችን ለሰጋር ለምን ያን ያህል ዋጋ ይሰጡ እንደነበርም በዓይኑ ይረዳል።

ከዚያ አንገት አለ። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳያስበው ይገላመጣል፤ ወፍ ሲነሣ ያያል፣ ጓደኛው ሲጠራው ይዞራል፣ ልጓሙን ጎንበስ ብሎ ይመለከታል። ለእሱ ምንም አይደለም። ምስሉን የሚያየው ሰው ግን ራሱን ያዞረዋል። ዓይን ይዙር፣ አንገት ይቆይ። መዞር ካስፈለገ ቀስ ብሎ ከትከሻ ጋር መዞር፣ በደረሱበትም ጥቂት መቆየት ነው። ይህን የቻሉ ጋላቢዎች ቀረጻ ወዲያው ያስታውቃል፤ ሰውየው የሚያየውን መርጦ እንደሚያይ ይታወቃል። ካሜራውን ደረት ላይ የሚያስሩ አሉ፤ የጋላቢውን እጅና ዛቡን በደንብ ያሳያል። እኔ ግን አልመርጠውም። ደረት የፈረሱን ንጥረት ሁሉ ይቀበላል፤ ሲወድቁም ያ ጠንካራ ነገር በአጥንትና በመሬት መካከል ይገባል።

ሄልሜቱ የግልቢያ ሄልሜት ይሁን፤ ከብስክሌቱ ይልቅ ወደ ማጅራት ወረድ ብሎ ይሸፍናል። ብዙዎቹ የግልቢያ ሄልሜቶች በከፈይ ወይም በጨርቅ የተለበጡ ስለሆኑ ማጣበቂያ አይዝላቸውም፤ ለእነዚህ ዙሪያውን የሚታሰር ጠፍር ነው የሚያስፈልገው። ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ማጣበቂያው ይሠራል፤ ቦታው በአልኮል ተጠርጎ፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ ተለጥፎ፣ ከመጋለብ በፊት ሙሉ ቀንና ሌሊት ሲቆይ። የሱሉልታ ጠዋት በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ነው፤ በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ ቆሞ የተለጠፈ ነገር መጀመሪያው ሶምሶማ ላይ ይወድቃል። ባትሪም ብርድ አይወድም፤ ትርፉ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ ይቀመጥ።

ሄልሜት በፍጹም አይበሳ። ካሜራውም በብሎንና በሽቦ እንዳይነቃነቅ ተደርጎ አይታሰር፤ ቅርንጫፍ ሲይዘው ተነቅሎ መሄድ አለበት፤ ካልተነቀለ አንገትን ይዞ ይሄዳል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2006 ዓ.ም. የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑ ሚካኤል ሹማከር በፈረንሳይ ሜሪቤል በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ ራሱ ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስበት ሄልሜቱ ላይ ካሜራ ነበር። ካሜራው ጉዳቱን አባብሶት እንደሆነ ብዙ ተብሏል፤ የተረጋገጠ ነገር የለም። ለጥንቃቄ ግን ጥርጣሬው ብቻ ይበቃል። በተለይ ሱባ ውስጥ ካሜራው ከራስ በላይ የሚጨምረው ቁመት አይዘንጋ፤ ጋላቢው ጎንበስ ብሎ ያለፈውን ቅርንጫፍ ካሜራው አያልፈውም።

ሱባ ሌላ ችግር አለው። የጽድና የዝግባ ዛፎቹ ያረጁ ናቸው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከሥራቸው የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት ነው። ካሜራው ብርሃን ሲያጣ ሻተሩን ያዘገያል፤ አንዱ ፍሬም ገና ሳይዘጋ ራስ ይናጣል፤ ምስሉ ብዥ ይላል። ማረጋጊያው ፍሬሞችን ያስተካክላል እንጂ በአንዱ ፍሬም ውስጥ የገባውን ብዥታ አያወጣም። ስለዚህ ደን ውስጥ በእርምጃ መሄድ፣ ምስሉ ትንሽ ነጠብጣብ ቢያወጣም ሻተሩን አፍጥኖ ማሰር። ሜዳ ላይ ሲወጡ ነገሩ ይገለበጣል፤ የደጋው ፀሐይ የፈረሱን ጥቁር ጆሮና ነጩን ሰማይ አንድ ላይ አያስማማም። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ወዲያ፣ ፀሐዩን ከጎን አድርጎ መጋለብ የጋማውን እያንዳንዱን ጸጉር ያወጣዋል።

ድምፁን አትጣሉት። በሱሉልታ ሜዳ ነፋስ አያርፍምና ማይክሮፎኑ ላይ ቁራጭ ስፖንጅ ይደረግ። ከዚያ በኋላ የኮርቻው ቆዳ ሲንቃቃ፣ ሰኮና ከጭቃ ወደ ድንጋይ ሲሻገር፣ ፈረሱ ሲያንኮራፋ ይሰማል። ይህን ሁሉ ደምስሶ ዘፈን መጫን ግማሹን ሥራ እንደ መጣል ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጡ መቅረጽም አያስፈልግም። በሴኮንድ 60 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ በሰዓት 27 ጊጋባይት ይሞላል፤ ባለ 64ቱ ሚሞሪ ካርድ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ማታ ተቀምጦ ያን ሁሉ የሚያይም የለም። ወንዝ ከመሻገር ትንሽ በፊት መክፈት፣ ከተሻገሩ በኋላ መዝጋት። እያንዳንዱ ቁራጭ በፈረሱ ስም ይቀመጥ። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል በተባሉበት አገር፣ ፈረስን በቁጥር መመዝገብ አይገባም።

ካሜራ ራስ ላይ ሲሆን ሰው መቀረጹን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሰላምታ ሲሰጥ አብሮ መናገር ነው፤ «ይቺ ካሜራ ናት፣ ይፈቅዳሉ?» ማለት። ጉግስ የሚጫወቱትን ወይም ጥር 23 በእንጅባራ የሚሰበሰቡትን የአገው ፈረሰኞች መቅረጽ የሚፈልግ ሰው ከዋዜማው ሄዶ ይነጋገር። በጨዋታው መካከል ካሜራ ጭኖ የገባ እንግዳ ለራሱም ለፈረሶቹም አደጋ ነው።

ካሜራውን ከወደድኩባቸው ነገሮች ትልቁ ኮርቻ ማየት ማስቻሉ ነው። ሱሉልታ ውስጥ ኮርቻ የሚሠሩና የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄልሜቴን እንዳደረግሁ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ቀርጬአለሁ። ካሜራው ከ30 ሳንቲ ሜትር የቀረበውን አጥርቶ ስለማያይ ጎንበስ ከማለት ተቆጥቤ ነበር። አምፖልም በርቶ ስለነበር መጀመሪያ 50 ኸርዝ ላይ አድርጌዋለሁ፤ የእኛ አገር መብራት በዚያ ልክ ስለሚመታ ሌላው ምርጫ ምስሉን ያብለጨልጨዋል።

ኮርቻው ከሥሩ ሁለት ሳንቃ ነው፤ በፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ የሚያርፉ። ከፊትና ከኋላ ሁለት ከፍ ያሉ ቅስቶች ያያይዟቸዋል። ሚስማር የለበትም። ሽማግሌው እንጨቱን ይበሱና የራሰ ጠፍር በቀዳዳው አሳልፈው በጥርሳቸውና በእጃቸው ይስቡታል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ እንጨቱን ከሚስማር አጥብቆ ይይዛል፤ ሲጋለብ ደግሞ ጥቂት ስለሚሰጥ እንጨቱ አይሰነጠቅም። ወስፌውን ሲይዙ አውራ ጣታቸው ጫፉ ላይ ናት፤ ቆዳው ምን ያህል እንደተበሳ የሚያውቁት በዚያች ጣት ነው። ስፌቱ ከላይ ሲታይ ሁሉም እኩል ነው። እኔ ግን የወደድሁት የታችኛውን ነው፤ ማንም የማያየውን፣ ፈረሱ ብቻ የሚያውቀውን። ቋጠሮዎቹ በሙሉ ወደ ዳር ተገፍተዋል፤ አንድም እብጠት ጀርባ ላይ አያርፍም።

«ኮርቻ በላዩ አይታይም፤ ፈረሱን ከፍተህ እይ» አሉኝ። ከፍቶ ማየት ማለት ኮርቻውን አውርዶ ጀርባውን ማየት ነው። በክፉ ኮርቻ የገጠበ ፈረስ ቁስሉ ቢድንም በቦታው ነጭ ጸጉር ያበቅላል። በባሕር አረብ የተለበጠና በግላስ ያሸበረቀ ኮርቻ ሥር ነጭ ነጠብጣብ ካለ ያ ኮርቻ ጥሩ ሥራ አይደለም፤ የጀርባው ጸጉር አንድ ዓይነት ሆኖ ከቀጠለ ግን ላዩ ቢያረጅም ሠሪው ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ፈተና ከኋላ ቆሞ በሳንቃዎቹ መካከል መመልከት ነው። በአከርካሪው ላይ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን መታየት አለበት።

ልጓሙም እዚያው ተሰቅሎ ነበር፤ በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት ያለው የድሮው ዓይነት። ኃይለኛ ነው፤ በጨካኝ እጅ አፍ ያቆስላል። በለስላሳ እጅ ግን ዛቡ ላልቶ ተንጠልጥሎ ሳለ ፈረሱ ይታዘዛል። ከራስ ላይ በተቀረጸ ምስል የዛቡን መላላት ማየት ይቻላል፤ የጋላቢው ሙያ የሚመዘነውም እዚያ ነው። ትንሹ እርካብ ደግሞ በባዶ እግር በአውራ ጣት የሚያዝ ነበር፤ ዛሬ ጫማ የሚያስገባው ሰፊው በዝቷል። በጥንቱ ሥርዓት ፈረስ ላይ የሚወጣው በቀኝ በኩል ነው፤ ሰይፍ የሚታጠቀው በቀኝ ስለነበር። ዛሬ በየትም ወገን ይወጣል፤ በአንዱ ብቻ ከተለመደ ግን ጠፍሩ በዚያ ወገን ይለጠጣል፤ ኮርቻውም ያዘነብላል።

ይህን መዘንበል ከፈረሱ ላይ ያለው ሰው አያየውም። የሚታየው ከኋላ በሚከተል ጋላቢ ካሜራ ነው። እርግጫ እንዳያገኝ ሁለት ፈረስ ያህል ርቆ፣ በቀጥታ ከኋላ ሆኖ፣ በሴኮንድ 120 ፍሬም አድርጎ በሶምሶማ መከተል፤ ከዚያ ምስሉን በአራት እጥፍ አዘግይቶ ማየት ነው። የአድማስ ማስተካከያውም በርቶ ይቆይ፤ ከኋላ የሚከተለው ሰው ራሱን ቢያዘነብል እንዳያሳስት። እንዲህ አድርጌ የቀረጽሁትን ለሽማግሌው በስልክ ሳሳያቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ኮርቻው በየምቱ ትንሽ ወደ ግራ ይንሸራተትና ይመለሳል። «የቀኙ ሳንቃ ወፍሯል» አሉ። አንድ ልጅ ልከው ኮርቻውን አስወረዱ፤ ቆዳውን ከቀኙ ሳንቃ ገለጥ አድርገው ጣታቸውን በእንጨቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ አስኬዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ እዚያችው ጋ ሞረዱን አሳረፉ።